ሳይሰደዱ የናፈቁት እማሆይ

እንግዲህ ተሰብሰቡና ስሙኝ። ጨዋታዬ ከፒያኖ ይጀምራል፤ የሚያርፈው ግን ካሴት ላይ ነው። ካሴት ስል ያችኑ የምታውቋትን ማለቴ ነው፤ ቴፑ ክሯን ሲበላት በእስክርቢቶ እያሽከረከርን የምናጠነጥናትን።

ባለታሪኳ ስትወለድ የውብዳር ተባለች። ዘመኑ 1916 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲስ አበባ። አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ ጎንደርንም አዲስ አበባንም በከንቲባነት ያስተዳደሩ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው። እህቷ ደግሞ ስንዱ ገብሩ፤ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፣ ደራሲና የትምህርት ቤት ኃላፊ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገች ልጅ በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከች ብላችሁ አትደነቁ። ቫዮሊን የጨበጠችው እዚያ ነው።

ተምራ ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ያ ሁሉ ወግና ማዕረግ ባንድ ጊዜ ተገለበጠና ቤተሰቡ ተግዞ ባሕር ተሻገረ። መጀመሪያ አዚናራ ወደምትባል ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለች ከተማ። ሦስት የቤተሰቧን ሰዎች ጣሊያን ገደለባት። ይህን በፍጥነት የማልፈው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ልጅቷ ስደትን ከመጽሐፍ ሳይሆን በእግሯ ገና በማለዳ እንዳወቀችው ልብ እንድትሉልኝ ብቻ ነው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ጠላት ሲወጣ ወደ ካይሮ ሄደች። ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር አገኘችና በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ትለማመድ ጀመር። የካይሮ ሙቀት ግን ጤና ነሳትና ተመለሰች፤ መምህሩም አብሯት መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ ያዘ። ቀጥሎ ለንደን ሄዳ የመማር ዕድል ተከፈተላት። መንገዱ ሁሉ ተሰናዳ። ፈቃድ ግን ተከለከለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እሷው ነች የተረከችው። እህል አልቀምስም አለች። ለሞት ስትቀርብ ቆረበች፣ ተኛች፣ ስትነቃም ሙዚቃ የሚባለውን ነገር ከልቧ አውጥታው ተገኘች። ለማንም ሳትናገር ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ገሰገሰች። ግሸንን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት፣ በመስከረም 21 ሕዝቡ እንደ ጎርፍ የሚተምባት አምባ። እዚያ በ21 ዓመቷ መነኮሰች፤ ስሟም ጽጌማርያም ሆነ። እንግዲህ መነኮሱ፤ እኔም ከዚህ ወዲያ አንቱ እላለሁ።

ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ከጭቃና ከድንጋይ በተሠራች ጎጆ ኖሩ። ፒያኖ የለም፤ ቫዮሊን የለም። ኋላ አዲስ አበባ እናታቸው ቤት ሲመለሱ ጣቶቻቸው የድሮ ሥራቸውን አልረሱም ነበር። ጎንደር ወርደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ፤ ቀን ለምነው ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን። የምሰጣቸው ገንዘብ የለኝም፣ ሙዚቃ ግን አለኝ አሉ። እነሆ በፈረንጆች 1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢው ለምስኪኖች። ይህ ልማድ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለወጠም።

አሁን ዘመናትን ዘልዬ ልለፍ። በፈረንጆች 2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ የሲዲ ስብስቡ 21ኛውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለእማሆይ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የሩቅ አገር ሰው በፍቅራቸው ወደቀ። አንዱ ቾፒን ነው ይላል፣ ሌላው ሳቲ፣ ሌላው ብሉዝ፣ ሌላው ጃዝ። ዜማቸው «ታይም» በሚባለው የ2020 ዘጋቢ ፊልምና «ፓሲንግ» በሚባለው የ2021 ፊልም ውስጥ ገባ። ቢቢሲ በ2017 ስለ እርሳቸው የራዲዮ ዝግጅት ሠርቶ «የሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» አላቸው። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መሸታ ቤት ፒያኖ ነው እኮ! ግሸን ላይ ዐሥር ዓመት በባዶ እግር የቆመች መነኩሲት ይህን ስም ስትሸከም ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ዝግጅቱ ራሱ ጥሩ ነበር፤ ስሙ ነው የከፋኝ።

ሁለት እስራኤላውያን ሙዚቀኞች፣ ማያ ዱኒየትዝና ኢላን ቮልኮቭ፣ ያንን ሲዲ ሰምተው ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ድረስ ሄደው ደጃቸውን አንኳኩ። እማሆይ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደዚያ ሄደው ከገዳሙ አንዲት ክፍል ይዘው ነበር፤ አልጋ፣ ቋሚ ፒያኖ፣ በገዛ እጃቸው የሣሏቸው ሥዕላት። የኋላ ኋላ ማያን አምነው ምን ሰጧት? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከረጢት ሙሉ ወረቀት፤ በእጅ የተጻፈ ኖታ፣ የተጨማደደ፣ በመቶ የሚቆጠር ገጽ። ከዚያ ውስጥ ተመርጦ በፈረንጆች 2013 የኖታ መጽሐፍ ታተመ፤ ለ90ኛ ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሥራዎቻቸው በኮንሰርት ቀረቡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር የለም። ድምፃቸው። ዓለም ጣታቸውን አወቀ፤ አፋቸውን አልሰማም።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እማሆይ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። በሳምንታት ውስጥ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ጀሩሳሌም» የሚል ሸክላ አወጣ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ፣ ስለ ተቆጣ ባሕር የሆነው፣ በድምፅ ነበር። አድማጭ ሁሉ ብድግ አለ፤ ለካ ያዜማሉ! በተከታዩ ዓመት ደግሞ «ሱቨኒርስ» መጣ፤ ከዳር እስከ ዳር የእማሆይ የገዛ ግጥም፣ የገዛ ዜማ፣ የገዛ ድምፅ፣ ባማርኛ። የሞተን ሰው መሳቢያ መበርበር አይጨንቅም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ይጨንቀኛል። እዚህ ላይ ግን እኒህን ዜማዎች ለብዙ ሰው ጆሮ ለማብቃት በሕይወት ሳሉ ሲመኙ የነበሩት እርሳቸው ናቸው፤ ዕድሜ ቀደማቸው እንጂ።

የተቀረጹት የት ነው ብትሉ፣ ስቱዲዮ አይደለም። አዲስ አበባ፣ የቤተሰቡ ቤት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ ተራ ቴፕ ፒያኖው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ጆሮ ያለው ሰው ይህን ወዲያው ያውቃል። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ጣት ከቁልፉ ሲነሳ ይሰማል። በመስኮት በኩል ወፎች አሉ። እንዲህ ያሉት ቴፖች ደግሞ የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ፒያኖው ሲበረታ ይሸሻሉ፣ ዝም ሲል ይጠጋሉ። ስለዚህ እማሆይ ግራ እጃቸውን ጠንከር ሲያደርጉ ድምፃቸው አንድ ክፍል አልፎ የሄደ ይመስላል፤ ሲያረግቡት ጆሯችሁ ሥር ናቸው። ይህን ማንም አላቀደውም።

ወዳጆቻቸው የዚህን ካሴት ነገር እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ፒያኖ የሚችለው ኖታ እያወጣ ይጽፋል፤ ግን በየትኛው ድምፅ ልጻፈው? ካሴት ባረጀ ማጫወቻ ላይ ትንሽ ከፈጠነ ዜማው ከፍ ይላል፣ ከዘገየ ይወርዳል፤ ፒያኖውስ ራሱ ቅኝቱ የት ነበር? ሁለት ሰው ሁለት ኖታ ጽፎ ሁለቱም ልክ ሊሆን ይችላል። ሌላው ከነሽሽታው ተውት ይላል፣ ሌላው ጥረጉት። እኔ ከተዉት ወገን ነኝ። ወፎቹ የአዲስ አበባ ወፎች ናቸው፤ በምን ኃጢአታቸው ይባረራሉ?

ሁሉም በየመንደሩ ሲከራከር ግን ዋናው ነገር ለእኛ ሰዎች ቀርቷል፤ ቃሉን የምንሰማ እኛ ነን። ዐሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ስለ እማሆይ የጻፈው፣ የመረመረው፣ የተነተነው በአመዛኙ አማርኛ የማይሰማ ሰው ነበር። ፒያኖ ቋንቋ አይጠይቅማ! አሁን ግን ውጭ አገር የተወለደ ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን እናቱ ጆሮ ላይ እየሰካ «ይቺን ቃል ምን ነው ያሏት?» የሚልበት ጊዜ መጣ። እናት ትሰማለች፤ ትንሽ ቆይታ፣ ስለ አገር ነው ትላለች። ስለ አገር መሆኑማ እውነት ነው። ደመና አለ፣ ሰማይ አለ፣ አገር አለ፣ መራቅ አለ።

እዚህ ላይ ነው እኔን የያዘኝ። ሒሳቡን አብረን እናስላው። ግጥሞቹ የስደተኛ ግጥሞች ናቸው፤ ከአገሩ ርቆ ሰማዩን የሚፈልግ ሰው እንጉርጉሮ። የተቀረጹት ግን አዲስ አበባ፣ እናት ቤት፣ እዚያው በተወለዱበት ከተማ ነው። ኢየሩሳሌም ገና አልሄዱም! ሰው ከአገሩ ሳይወጣ እንዴት አገሩን ይናፍቃል?

ትዝታ የምንለው መቼም ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ያለፈ ፍቅር፣ ያለፈ ጊዜ፣ የተለየ ሰው። የእማሆይ ካሴት ግን ገና ያልሆነውን ይናፍቃል። ለዚህ ምክንያት ይሆናል የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያ በመጀመሪያ ልብ በሉልኝ ያልኋችሁ ነው፤ በልጅነቱ ባሕር ተሻግሮ የታሰረ ሰው መሄድን ሰውነቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዘመኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ንጉሡ ወረዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ልጆች ያደጉበት ዓለም ሁሉ አብሮ ወረደ። ከዚያ እነዚያ የ1969ና የ70 የቀይ ሽብር ሌሊቶች መጡ። የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ አንድ የሄደ ወይም ሊሄድ ያሰበ ሰው ነበር፤ የቀረውም ቢሆን ያቺ የሚያውቃት አገር ቀድማው ሄዳለች። እንግዲህ እቤቱ ተቀምጦ የሚናፍቅ ሰው ብርቅ አልነበረም ማለት ነው። ብርቁ፣ ይህን ቴፕ ከፍቶ፣ በፒያኖ አጅቦ፣ አስቀምጦ መገኘቱ ነው።

ደግሞ አስቡት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮና ጸናጽል፣ መቋሚያም አለ፤ ፒያኖ የለም። መነኩሲት ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ስለ አገር ማንጎራጎሯ ለማን ይነገራል? ለቴፕ ነዋ። ቴፕ አይፈርድ፣ ለቀበሌ አያወራ።

የሚወጣውም ገና አላለቀም። ከ150 በላይ ድርሰቶች እንዳሏቸው ይነገራል፤ በሸክላ የተሰማው ከዚያ ጥቂቱ ነው። በፈረንጆች 2025 ደግሞ ከዓመታት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትሞ የነበረ «የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» የሚባል ሸክላቸው እንደገና ወጣ፤ እዚያ ላይ እማሆይ ኦርጋን ይዘዋል። ከፒያኖ ሌላ የማያውቋቸው ሰዎች ግራ ገባቸው፤ ያሬድን የሚያውቅ ሰው ግን የተረጋጋ ይመስለኛል፤ ረጅሙ ትንፋሽ የማኅሌት ትንፋሽ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ከ«ሱቨኒርስ» ዜማዎች አንዱ ርእሱ ውስጥ የመስከረምን ፀሐይ ይዟል። ለእኛ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሦስት ወር ዝናብ፣ ጭቃና ጉም አልፎ፣ አደይ ፈክቶ፣ ዓመቱ ተለውጦ የሚወጣ ፀሐይ ነው። የሰሜን አገር ሰው ጋ ግን መስከረም ቅጠል የሚረግፍበት፣ ካፖርት ከሣጥን የሚወጣበት፣ ፀሐይዋ በየቀኑ የምትደክምበት ወር ነው። ያንን ርእስ ተተርጉሞ ሲያነብ የምትጠልቅ ፀሐይ ቢያይ አይፈረድበትም። ስለዚህ የምታውቁት ፈረንጅ ሸክላውን ከፍቶ አንገቱን ደፍቶ ካገኛችሁት፣ ጠጋ ብላችሁ፣ «ኧረ ቀና በል፤ ክረምቱ እኮ ወጥቷል!» በሉት።