የዘወትር ጸሎት

የዘወትር ጸሎት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ምእመን በየዕለቱ፣ በተለይም ጠዋት ከመኝታው ሲነሣና ማታ ከመተኛቱ በፊት የሚያደርሰው ጸሎት ነው። «ዘወትር» ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን «የሁልጊዜ» ማለት ነው። ስሙ በሁለት መንገድ ይነገራል። በጠባቡ ትርጉም በጸሎት መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ የሚገኘውን፣ በማማተብ የሚጀምረውን አጭር የጸሎት ስብስብ ያመለክታል። በሰፊው ትርጉም ደግሞ ዳዊት መድገምን፣ ውዳሴ ማርያምንና መልክዐ መልክዕን ጨምሮ ምእመኑ በግሉ የሚጸልየውን ሁሉ ያጠቃልላል።

የዘወትር ጸሎት ከቅዳሴና ከማኅሌት የሚለየው ካህንም ሆነ ጉባኤ የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። ገበሬው ወደ እርሻው ከመውጣቱ በፊት፣ እናት ልጆቿ ሳይነሡ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ያደርሰዋል። በዚህም ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከመቅደሱ ወጥቶ በየቤቱ የሚኖርበት ዋና መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

መነሻ

በተወሰነ ሰዓት የመጸለይ ልማድ ክርስትና ከአይሁድ ሥርዓት የወረሰው ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ነቢዩ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ እንደነበር ተጽፏል። በመዝሙር 118 (በሌላው አቆጣጠር 119) ቁጥር 164 ደግሞ መዝሙረኛው በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን ይናገራል። በሐዋርያት ሥራ ሐዋርያት በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት በጸሎት ላይ ሆነው ይታያሉ (ምዕራፍ 2፣ 10 እና 3)።

ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያ ምእመናን አቡነ ዘበሰማያትን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዝዛል። ብዙውን ጊዜ ለሮማዊው አቡሊዲስ የሚሰጠውና በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥ የተካተተው የሐዋርያት ትውፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ የጸሎት ሰዓት ምክንያቱን ይዘረዝራል። ኋላም በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 14 ስለ ጸሎት ሲደነገግ ሰባቱ ጊዜያት የምእመን ሁሉ ሥርዓት ሆነው ተቀምጠዋል።

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት

እያንዳንዱ ሰዓት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር የተያያዘ መታሰቢያ አለው። ከዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ይገኙበታል፦

ነግህ (ጠዋት 12 ሰዓት)፦ ሌሊቱ በሰላም ስላለፈ ምስጋና የሚቀርብበት፤ ክርስቶስ በጲላጦስ ፊት መቆሙ የሚታሰብበት።
ሠለስት (ጠዋት 3 ሰዓት)፦ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ የሚታሰብበት።
ቀትር (ቀን 6 ሰዓት)፦ የክርስቶስ ስቅለት የሚታሰብበት።
ተሰዓት (ቀን 9 ሰዓት)፦ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት።
ሠርክ (ቀን 11 ሰዓት)፦ ከመስቀል ወርዶ መቀበሩ የሚታሰብበት።
ንዋም (ማታ 3 ሰዓት)፦ በጌቴሴማኒ መጸለዩ የሚታሰብበት፤ ከእንቅልፍ በፊት የሚደርስ።
መንፈቀ ሌሊት (ሌሊት 6 ሰዓት)፦ ልደቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ የሚታሰቡበት።

የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ቀኑን ከንጋት ስለሚጀምር በወንጌል የተጠቀሱት ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻቸውም። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር አንባቢ ግን ስቅለቱን ለመረዳት ሰዓቱን መመለስ ይኖርበታል።

ሰባቱንም ጊዜ ጠብቆ መጸለይ በገዳማትና በአድባራት የተለመደ ነው። ሥራ ያለው ምእመን ግን ቢያንስ ጠዋትና ማታ እንዲጸልይ፣ በቀረው ሰዓት ደግሞ ባለበት ቦታ በልቡ እንዲያስብ ይመከራል። መጠኑን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ መወሰን ልማድ ነው።

ይዘቱ

በጠባቡ ትርጉም የዘወትር ጸሎት ዋና ዋና ክፍሎች ማማተብና በሥላሴ ስም መጀመር፣ ምስጋና፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የገብርኤል ሰላምታን የያዘው የእመቤታችን ጸሎት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ እንዲሁም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የሚገኘው የማርያም ምስጋና ናቸው። ጸሎተ ሃይማኖት በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ፣ በ381 ደግሞ በቁስጥንጥንያ ጉባኤዎች የተደነገገው የእምነት መግለጫ ነው። ስለዚህ ይህን ጸሎት በየዕለቱ የሚያደርስ ሰው የነገረ ሃይማኖትን መሠረት በቃሉ ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጸለዩት በየቀኑ የተከፋፈሉ ናቸው። መዝሙረ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት እንዲህ ይመደባል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማሉ። ምድቡን ጠብቆ የሚጸልይ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ዳዊትን ይጨርሳል።

ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድርሰቱን በአራተኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም ይሰጣል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ደግሞ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ከሚዘመረው የእመቤታችን ውዳሴ ጋር አንድ መሆኑን ያሳያሉ። መልክዐ ማርያምና መልክዐ ኢየሱስ ከራስ እስከ እግር አካልን እየጠሩ የሚያወድሱ ግጥሞች ሲሆኑ በኢትዮጵያ የተደረሱ ናቸው።

አቋቋም

ጸሎቱ የሚደርሰው ቆሞ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፦ ኤደን ገነት በምሥራቅ መተከሏና የክርስቶስ ዳግም ምጽአት ከምሥራቅ እንደሚወጣ መብረቅ መመሰሉ። የታመመ ወይም የደከመ ሰው ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ መጸለይ ይችላል።

ስግደት የጸሎቱ አካል ነው። በእሑድና ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን የንስሐ ስግደት አይሰገድም። ይህም ከኒቅያ ጉባኤ ጀምሮ የተጻፈ ድንጋጌ ነው። ለድግግሞሽ ጸሎት መቁጠሪያ ጥቅም ላይ ይውላል። ብዙ ጊዜ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው ሲሆን 64ቱ በትውፊት እመቤታችን በምድር የኖረችበትን ዘመን ያስባል።

የትምህርት መሠረት

የዘወትር ጸሎት ከባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የተሳሰረ ነው። የቆሎ ተማሪ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን ያነብባል። ዳዊት ማንበብ የጨረሰ ልጅ ንባብ እንዳወቀ ይቆጠር ስለነበር ቤተሰቡ ይደሰትበታል። ውዳሴ ማርያምንና ሌሎች ጸሎቶችን ደግሞ ማታ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይማራል። ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶችና አባቶችም ጸሎቱን ከወላጆቻቸው አፍ እየሰሙ በቃላቸው ይዘው ለልጆቻቸው አስተላልፈዋል።

መዝሙረ ዳዊት በኅትመት ታሪክም ስፍራ አለው። በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ያሳተመው ዳዊት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የፊደል ገበታን በማሳተም የሚታወቁት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የጸሎት መጻሕፍትን በብዛት አሳትመው አሠራጭተዋል። ቀድሞ ብራና ፍቆ በእጅ የሚጻፈው መጽሐፍ በዚህ መንገድ በኪስ የሚያዝና ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል ሆነ።

አርምሞና ተመስጦ

በዚህ ትውፊት ጸሎት ቃል ብቻ አይደለም። ስለ ውስጣዊ ጸሎት ዋናዎቹ ምንጮች መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ሦስቱም መነሻቸው ሶርያዊ ነው፤ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተተርጉመው በአንድምታ ትርጓሜ ይማሯቸዋል። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የነነዌ ጳጳስ ሲሆን የተወለደው ዛሬ ኳታርን በሚያጠቃልለው የባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ነው። ጵጵስናውን ብዙም ሳይቆይ ትቶ ወደ ምናኔ ተመልሷል።

የመነኮሳት ትምህርት መንፈሳዊ ጉዞን በአሥር መዓርጋት ይከፍላል። እነዚህም በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ሥር ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከዕለት ተዕለት ጸሎት ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። ጽማዌ ዝምታ ነው፤ ሰው አንደበቱን ከከንቱ ንግግር ይሰበስባል። ልባዌ ማስተዋል ነው፤ የሚናገረውንና የሚሰማውን በልቡ ማኖር ይጀምራል። ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ ለብዙ ዘመን በአፉ ሲደግመው የነበረው መዝሙር ለልቡ መጣፈጥ ሲጀምር ነው። የመጨረሻው መዓርግ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ይባላል።

ይህ አከፋፈል ለመነኮሳት የተሠራ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ለማንኛውም ጸሎተኛ ትርጉም አለው። ዝምታ የሚመጣው ከጸሎት በኋላ እንደ ሽልማት ሳይሆን ከጸሎት በፊት እንደ ደጅ ነው። መጣፈጡም የሚመጣው ከመድገሙ በኋላ ነው። በልማድ ምእመናን ከመጸለያቸው በፊት ጥቂት ዝም ብለው ሐሳባቸውን እንዲሰበስቡ የሚመከሩት ለዚህ ነው። ከዕለት ሥራ ተለይቶ በገዳም ወይም በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ለተወሰኑ ቀናት ሱባኤ መያዝም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ልማድ ነው።

መድገምና ማስተዋል

የዘወትር ጸሎት ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ዋና ጥያቄ የቋንቋ ነው። ጸሎቱ በአመዛኙ በግእዝ ሲደርስ ኖሯል፤ ግእዝ ግን ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ የማይገባን ቃል መድገም ጸሎት ይባላልን የሚል ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭም ሆነ ከውስጧ ሲነሣ ይኖራል። ጥያቄው መሠረት አለው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ ቃል በማብዛት መታመንን ነቅፏል፣ ጳውሎስም በቆሮንቶስ የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 14 በመንፈስም በአእምሮም መጸለይን አስተምሯል።

ልማዱን የሚደግፉ ወገኖች ሦስት መልስ ይሰጣሉ። አንደኛ፣ በቃል የተያዘ ጸሎት ሰው በሐዘን ወይም በሕመም የራሱን ቃል ማግኘት ሲያቅተው የሚደገፍበት ምርኩዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው የሚጸልየው ጸሎት የእርሱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁሉ የጸለዩት በመሆኑ ከትውልድ ጋር ያስተሳስረዋል። ሦስተኛ፣ የተወሰነ ጸሎት ሰውን ከራሱ ፍላጎት አውጥቶ ስለ ሌላውም እንዲለምን ያስተምረዋል።

ተቺዎቹ በበኩላቸው ትርጉሙ ካልታወቀ እነዚህ ጥቅሞች ግማሽ እንደሚሆኑ ያስገነዝባሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ትውፊትም ለዚህ ወገን ምስክር ይሆናል፤ የአንድምታ ትምህርት ዳዊትንና ውዳሴ ማርያምን ቃል በቃል ተርጉሞ የሚያብራራው ምሥጢሩ እንዲታወቅ ነውና። ዛሬ ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዙ መጻሕፍት በስፋት ይገኛሉ፤ በአማርኛ ብቻ የሚጸልዩም ብዙ ናቸው። ሆኖም ጸሎቱን ሳይረዱት በታማኝነት ጠብቀው ያስተላለፉት አያቶች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የሚተረጎም ነገር ባልተገኘ ነበር።

በዛሬው ኑሮ

የከተማ ኑሮ የጸሎት ሰዓትን አጥብቧል። በማለዳ ታክሲ የሚሰለፍ ሠራተኛ ጸሎቱን በመንገድ ላይ በልቡ ያደርሳል፤ ብዙዎችም የጸሎት መጽሐፉን በስልካቸው ይይዛሉ። ይህ ጸሎቱን ቅርብ ቢያደርገውም ስልኩ ራሱ የሐሳብ መበተን ምንጭ በመሆኑ ከአርምሞ ጋር ይጋጫል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ምእመናን የቤት ጸሎት ይበልጥ ይጠነክራል። በአሜሪካና በአውሮፓ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሩቅ ሊገኝ ይችላል፤ የአደባባይ የክርስቲያን አምልኮ በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በግል የሚደርስ ጸሎት ዋናው የአምልኮ መንገድ ነው።

ተመሳሳይ ልማድ በሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ክርስቲያኖችም ዘንድ አለ። የኤርትራ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የግእዝ ሥርዓት ያላቸው ካቶሊኮች ብዙዎቹን ጸሎቶች ይጋራሉ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ምእመኑ ለብቻው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብበትና በራሱ ቃል የሚጸልይበት «የጽሞና ጊዜ» የተለመደ ነው። መልኩ ቢለያይም ሁለቱም ከዕለቱ ሩጫ በፊት ዝም የሚባልበት ሰዓት እንዲኖር ይፈልጋሉ።