የሩድራክሻ ዶቃ ፊቶች

ሩድራክሻ ኤሌዮካርፐስ ጋኒትረስ ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ዶቃ ነው። በተለይ ሺቫን የሚያመልኩ ሂንዱዎች ለጸሎት መቁጠሪያ ይጠቀሙበታል፤ የተለመደው መቁጠሪያ 108 ዶቃዎች አሉት። ስሙ የሳንስክሪት ነው፦ «ሩድራ» የሺቫ ሌላ ስም ሲሆን «አክሻ» ዓይን ማለት ነው። ዛፉ በኔፓል፣ በሕንድና በኢንዶኔዥያ ይበቅላል።

የፊት ትርጉም

የበሰለው ፍሬ ሰማያዊ ነው። ሥጋው ሲወገድ፣ ከኮክ ውስጥ እንደሚወጣው ያለ ጠንካራና ሸካራ ፍሬ ይቀራል፤ ዶቃው ይህ ነው። በላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርዱ ቦዮች አሉ። በሁለት ቦዮች መካከል ያለው ገጽ «ሙኪ» ወይም ፊት ይባላል። በዶቃው ውስጥ ዘር የሚይዙ ክፍሎች ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከፊቶቹ ቁጥር ጋር እኩል ነው።

አቆጣጠር

ዶቃው በለስላሳ ብሩሽ ከጸዳ በኋላ በአንዱ ቦይ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ዶቃውን በክር ቀዳዳው ዙሪያ እያዞሩ ወደ ምልክቱ እስኪመለሱ ድረስ ቦዮቹን መቁጠር ነው። የሚቆጠረው ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ሳይቋረጥ ሌላው ጫፍ የሚደርስ ቦይ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚቀር ስንጥቅ ወይም በሸካራው ገጽ ላይ ያለ ጭረት አይቆጠርም። ቦዮቹ በጣም ሲቀራረቡ አጉሊ መነጽር ይረዳል።

ማጭበርበርና ምርመራ

በብዛት የሚገኘው ባለ 5 ፊት ስለሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ባለ 1 ፊትና ብዙ ፊት ያላቸው ዶቃዎች ግን ብርቅና ውድ ናቸው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሻጮች ተጨማሪ ቦይ ይቀርጻሉ፣ ያለውን ቦይ በሙጫ ይደፍናሉ፣ ወይም የተለያዩ ዶቃዎችን ቆርጠው ያጣብቃሉ። የተቀረጸ ቦይ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ስለታም፣ ጥልቀቱም ወጥ ሆኖ ይታያል።

«እውነተኛ ሩድራክሻ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል» የሚለው የተለመደ ፈተና አስተማማኝ አይደለም። መስጠምና መንሳፈፍ የሚወሰነው በዶቃው ድርቀትና በውስጡ ባለው አየር ነው፤ የተቀረጸ ቦይም ዶቃውን ከመስጠም አያግደውም። የተሻለው ማረጋገጫ የኤክስሬይ ምስል ነው፤ የውስጥ ክፍሎቹን ስለሚያሳይ፣ በውጭ ከተቆጠሩት ፊቶች ጋር ለማነጻጸር ያስችላል።