«ከስንት አንድ»፦ የመድኃኒት ጥቅም በሰው ቁጥር ሲነገር

«መድኃኒቱ አደጋውን በ35 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው አነጋገር እውነት ሆኖ ሳለ ሊያሳስት ይችላል፤ 35 በመቶው ከምን ያህል አደጋ ላይ እንደተቀነሰ አይናገርምና። ላውፓሲስ፣ ሳኬትና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት መለኪያ ይህን ክፍተት ይሞላል፦ አንድ ሰው ከአደጋው እንዲተርፍ ስንት ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለበት? በሕክምናው ዓለም ኤንኤንቲ በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል። በአማርኛ «ከስንት አንድ» ብንለው ይሻላል እላለሁ። «አንድ ሰው ተጠቃሚ እንዲሆን መታከም ያለባቸው ሰዎች ብዛት» የሚለው የተሟላ ቢሆንም ለክፍል ውስጥ ንግግር ይረዝማል። እርግጥ ነው፣ «ከስንት አንድ» በተለመደው አነጋገር እምብዛም የማይገኝን ነገር ያመለክታል። ይሁን እንጂ በ«ስንት» ቦታ ቁጥር ሲገባ ይህ ስሜት ይጠፋል፤ «ከ35 አንድ» የሚል ሰው ብርቅነትን ሳይሆን ልክን ነው የሚናገረው።

ስሌቱን ለማየት በሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ ሊታወቅ የሚገባውን የሪፕሪቭ ጥናት እንውሰድ። ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ቫይረሱ በመድኃኒት ቢገታም እንኳ በሰውነታቸው ውስጥ የሚቀረው ብግነት ለልብና ለደም ሥር ሕመም ያጋልጣቸዋል፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በጥናቱ በ12 አገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆነ 7,769 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በየቀኑ 4 ሚሊግራም ፒታቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ)፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት መሠረት ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች ማስመሰያውን በወሰዱት ላይ በ1,000 የሰው-ዓመት 7.32፣ ስታቲኑን በወሰዱት ላይ ደግሞ 4.81 ነበሩ (1,000 የሰው-ዓመት ማለት 200 ሰዎችን ለአምስት ዓመት እንደ መከታተል ነው)። ሁለቱን ቁጥሮች ስናካፍላቸው ያ 35 በመቶ ገደማ ቅናሽ ይወጣል፤ ስንቀንሳቸው ግን 2.51 ብቻ ይቀራል። 1,000ን ለ2.51 ብናካፍል በአንድ ዓመት ከ400 ገደማ አንድ ይሆናል። በአምስት ዓመት ተጠራቅሞ ከታየው አደጋ ሲሰላ ደግሞ ጥናቱ ያገኘው ከ106 አንድ ነው። ስለዚህ ጊዜው ያልተጠቀሰበት «ከስንት አንድ» ጎደሎ ነው።

ከጊዜው ይልቅ ወሳኙ ግን መነሻው አደጋ ነው። በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በማጨስና በመሳሰሉት የሚሰላው የአሥር ዓመት አደጋቸው ከ2.5 በመቶ በታች በሆኑት ተሳታፊዎች ቁጥሩ ከ199 አንድ ሲሆን፣ ከ10 በመቶ በላይ በሆኑት ግን ከ35 አንድ ነበር። ክኒኑ ያው አንድ ክኒን ነው። «ከስንት አንድ» የመድኃኒቱ ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ የመድኃኒቱና የታካሚው አንድ ላይ ነው። ዕድሜ ይህን አደጋ ከሚያንሩት ነገሮች ዋነኛው በመሆኑ፣ በመቶኛ ብቻ ስንናገር የምንደብቀው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሙትን አዛውንቶች ነው።

ቁጥሩ እርግጠኛ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። የ106 የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰን ከ64 እስከ 303 ይሰፋል። ነገር ግን 35 በመቶ የሚባለው ራሱ ከ10 እስከ 52 የሚዘረጋ ወሰን አለው፤ ስፋቱ የመጣው ከመረጃው እንጂ ከመለኪያው አይደለም። መፍትሔው ወሰኑን አብሮ መጻፍ ነው። «የቀሩት 105 ሰዎች በከንቱ ዋጡ» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ታካሚ መድኃኒቱን እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላልና። አደጋው የሚቀርለት ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ክኒኑን ሲውጥ የየራሱን ዕድል እያሻሻለ ነው።

ይኸው ስሌት ለጉዳትም ይሠራል፤ መሥራትም አለበት። በጥናቱ ስታቲኑን ከወሰዱት 5.3 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 4.0 በመቶ አዲስ የስኳር በሽታ ታይቶባቸዋል። ልዩነቱ 1.3 በመቶ ነው፤ ለጉዳት ሲሰላ ከ77 አንድ ማለት ነው። 77ን ከ106 አጠገብ አስቀምጦ ጉዳቱ ይበልጣል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ በመድኃኒት የሚያዝ የስኳር በሽታና ግማሽ አካልን ሽባ የሚያደርግ ስትሮክ እኩል አይመዘኑም። አደጋው ከ10 በመቶ ያለፈ አዛውንት ታካሚ ደግሞ በጥቅሙ በኩል የሚቆጠርለት ከ35 አንድ ነው፣ ከ106 አይደለም።