ሰውና ዕጣ፦ ከፓሪስ ጉባኤ እስከ ደጋው ገበሬ

ውጤታቸው አስቀድሞ በማይታወቅ አማራጮች መካከል ሰው እንዴት እንደሚመርጥ የሚመረምረው ጥናት መሠረቱን ያገኘው ዳንኤል በርኑሊ በ1738 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ሲሆን፣ ሊቁ ያስረዳው ሰው ዕጣን የሚመዝነው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ገንዘቡ በሚሰጠው እርካታ መሆኑንና ያው ገንዘብ ለድኻና ለባለጸጋ እኩል እንደማይመዝን ነው። ቮን ኖይማንና ሞርገንስተርን በ1944 ሐሳቡን በሒሳብ ሕግጋት አጸኑት።

ሕግጋቱን የተፈታተነው በ1952 በፓሪስ ጉባኤ የተሳተፈው ፈረንሳዊው ሞሪስ አሌ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄው 100 ሚሊዮን ፍራንክ በእርግጠኝነት ከመቀበልና፣ ከመቶ 10 ዕድል 500 ሚሊዮን፣ 89 ዕድል 100 ሚሊዮን፣ 1 ዕድል ደግሞ ባዶ ከሚያስገኝ ዕጣ የቱ ይሻላል የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከመቶ 11 ዕድል ያለውን 100 ሚሊዮን ከመቶ 10 ዕድል ካለው 500 ሚሊዮን ጋር ያነጻጽራል። በመጀመሪያው እርግጠኛውን የመረጠ ሰው በሁለተኛው 100 ሚሊዮኑን እንዲመርጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ ብዙዎች ግን ወደ 500 ሚሊዮኑ ዞሩ፣ የሕጉ ዋና ጠበቃ የነበረው ሊዮናርድ ሳቬጅ ሳይቀር። ሳቬጅ በ1954 መጽሐፉ ይህን ሳይሸሽግ ጥያቄውን በ100 የዕጣ ትኬቶች መልክ ደልድሎ ሁለተኛ መልሱን ለወጠ፤ ይህም ሕጉን ለማዳን መላሹን ማረም ነበር።

ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 ያቀረቧቸው ተመሳሳይ ጥያቄዎች ደግሞ ለተማሪዎች የተሰጡ፣ ክፍያቸውም በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነበር። በአንጻሩ ሃንስ ቢንስዋንገር ውጤቱን በ1980 ባሳተመው ጥናት የሕንድ ገጠር ነዋሪዎችን በእውነተኛ ገንዘብ ፈተነ፦ አንዱ አማራጭ የሚወረወረው ሳንቲም የትኛውም ገጽ ቢወጣ 50 ሩፒ ሲከፍል፣ በሌላው ጫፍ ያለው ወይ 200 ወይ ባዶ ነበር፣ በመካከላቸውም ሌሎች ተደርድረዋል። ገንዘቡ ከፍ ሲል አብዛኞቹ መካከለኛውን ጥንቃቄ መረጡ፤ የሀብት ልዩነትም እምብዛም ለውጥ አላመጣም።

ማህሙድ የሱፍና ራንዳል ብላፍስቶን በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬዎች ላይ አካሂደው በ2009 ያሳተሙት የእውነተኛ ክፍያ ሙከራ ግን የሀብትን ጉዳይ በሌላ መንገድ አሳየ፤ ሀብቱ አነስተኛ የሆነው ቤተሰብ ስጋትን ይበልጥ ይሸሻል፣ ዕጣው ኪሳራ ሲጨመርበት ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል።