አቤት ባይ ምን ተባለ? ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ በጎጃም

ባለፈው ስብሰባችን አንድ ማመልከቻ ሳይፈረም አደረ። ጉዳዩ ባሎቻቸው የሞቱባቸው የአምስት እህቶቻችን መሬት ነው፤ የመሬት ደብተሩ በእጃቸው ቢኖርም ድንበሩ በየክረምቱ እየተገፋ እርሻቸው ጠቧል። ጽሑፉ ተነበበ፣ ሁላችንም ተስማማንበት። «ማን ይቅደም?» ሲባል ግን ቤቱ ጭጭ አለ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ እናት «ፊት የፈረመ ስም ይወጣለታል» አሉ። ከዚህ ቀደም ስለ አንዲት አባላችን ጉዳይ ለመጠየቅ ሄደን «እናንተን ደግሞ ማን ላካችሁ?» ተብለን የተመለስን ሰዎች ስለሆንን፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል።

የእናታችን ንግግር አዲስ ስላልሆነ በዚህ እትም ወደ ኋላ ተመልሰን አየነው። በአገራችን ለጎረቤቱ አቤት ያለ ገበሬ በመጀመሪያ የሚደርስበት እስር ወይም ዱላ ላይሆን ይችላል። ስም ይሰጠዋል። ዱላው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

የጎጃም ትልቁ ምሳሌ የ1960 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ሲነበብ ክፉ ሕግ አይመስልም። አሥራትን አስቀርቶ ሰው እንደ ገቢው እንዲከፍል፣ ብዙ ያለው ብዙ እንዲሰጥ የሚል ነው። በደቡብ ያሉ ባለ ሰፋፊ መሬቶችም አልወደዱትም፤ እነሱ የጠሉበት ምክንያትና የጎጃም ገበሬ የጠላበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው። እዚህ መሬቱ ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ሴት ልጅም በደሟ ድርሻ አላት፣ ምንም እንኳ አራሹ ወንድሟ ሆኖ ድርሻዋ በቃል ብቻ ቢቀርም። ገማች መጥቶ እርሻውንና ምርቱን በመዝገብ ሲያሰፍር፣ ገበሬው የታየው የግብሩ ብር ብቻ አይደለም። ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይለካል፣ የተለካ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል የሚል ፍርሃት ነበረው። ፍርሃቱም ከባዶ አልተነሣም። ከጠላት ወረራ በኋላ መሬት ለመለካት የተደረገው ሙከራ በጎጃም ቀድሞም ተቃውሞ ገጥሞታል።

የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬዎቹ ስለ ግብሩ ብቻ ሳይሆን ስለ አስተዳደሩም ነበር የሚያመለክቱት። ከየወረዳው ተመርጠው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አልፈው ወደ አዲስ አበባ አቤቱታ ይዘው የሄዱ ነበሩ። አቤት ማለት በንጉሡ ዘመን ያለና የተለመደ መብት ነው፤ ሰዎቹም ዙፋኑን አልነኩም። «ጃንሆይ አያውቁም፣ ቢነገራቸው ይፈርዳሉ» ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ሹማምንቱ ግን አቤቱታውን እንደ አቤቱታ አልቆጠሩትም። ለእምቢተኛ ገበሬ የዘመኑ ስም የታወቀ ነው፤ ሽፍታ ይባላል። ለሽፍታ ደግሞ መልስ አይጻፍለትም፣ ጦር ይላክበታል እንጂ።

እንዲያም ሆነ። ከእኛ ከአገው ምድር ብዙም በማይርቁት በዳሞት፣ እንዲሁም በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ገበሬው ታጥቆ ገማቾችን አላስገባም አለ። ወታደርና ነጭ ለባሽ ዘመተ። በ1960 ክረምት አውሮፕላን በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ክረምት መሆኑን ልብ በሉልን፤ እህሉ ገና ቡቃያ ነው፣ ጎተራው ተሟጧል፣ ወንዱ ጫካ ነው። በዚያ ወር ቤት የቀረችው ማን እንደሆነች ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ዐመፅ በተጻፉት መጻሕፍት የምናገኘው ስም ግን የወንዶች ነው።

በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ። ገዥው ተነሡ፣ የዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ፣ የጎጃም ገበሬም አዲሱን ግብር ሳይሆን የቀድሞውን ይከፍል ጀመር። ገበሬው የጠየቀው ነገር ሊሰጥ የሚቻል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ወረቀቱ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ተነብቦ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ለምን አስፈለገ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ሁለተኛው ከመካከላችን ብዙዎቻችን በዓይናችን ያየነው ነው። በኅዳር 1989 የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ አዋጅ አወጣ። መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ለሴቶች መሬት ሊሰጥ ነው የተባለው፤ ሴቶችም በራሳቸው ስም አግኝተዋል። ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። ዛሬ በማኅበራችን የራሷ ጥማድ ያላት እህት ነገሩን በበጎ ብታነሣ እውነት አላት። ግን በዚያው ሽግሽግ ገበሬው በስም ተከፈለ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ገበሬ ማኅበር ኃላፊ የነበረ «ቢሮክራት» ተባለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ «ፊውዳል»። ሌላው እስከ 12 ጥማድ ሊይዝ ሲችል፣ እነዚህ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይኖራቸው ተወሰነ። ስሙ ለባል ተሰጠ፤ የተቀነሰው ግን ሚስትና ልጆች የሚበሉት እርሻ ነው። እሷ በየትኛው ቢሮ ተቀምጣ ቢሮክራት ሆነች? ያን ጊዜ የሚመልስ አልነበረም።

ከጎጃምና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ ገበሬዎች እንደ አባቶቻቸው አቤት ለማለት አዲስ አበባ ገቡ። በመጋቢት 1989 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእነሱ ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ተደበደቡ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። በዚያ ዘመን የእንዲህ ዓይነቱን ሰው በደል መዝግቦ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ ነበር። የጉባኤው የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ተተኩሶባቸው ተገደሉ። እሳቸውም ከሞቱ በኋላ ስም ወጣላቸው፤ ከሽብር ጋር የተያያዙ ሰው ናቸው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከገበሬው አልፎ ወረቀቱን ወደሚጽፍለት ሄደ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ባሕር ዳርን ጨምሮ በየክልሉ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በሴቶች እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። እዚህም ስም አለ፤ «የውጭ እጅ»። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹና የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ቢሮዎች ተዘጉ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ተሰናበተ። አዋጁ በ2011 በሌላ ተተካ። ያም ሆኖ ኢሰመጉ በታኅሣሥ 2017 እንደገና ታግዶ ከወራት በኋላ ተፈታ። አንዲት የገጠር ሴት ከወረዳ ወጥታ «ጻፉልኝ» የምትልበት ደጅ ሲዘጋ፣ ለእሷ አዋጅ ቁጥሩ ምኗም አይደለም። የተዘጋውን በር ነው የምታየው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሆንዱራስ የሌንካ ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ቤርታ ካሴሬስ፣ የሕዝቧ ወንዝ በግድብ እንዳይያዝ ገበሬዎችን ስታስተባብር ኖራለች። በ2005 ግድም በእኛ አቆጣጠር ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዛለች፣ ሰው አነሣሥታለች ተብላ ተከሰሰች። በየካቲት 2008 በቤቷ ሳለች ተገደለች። በኋላ በግድያው የተፈረደባቸው ሰዎች መካከል የግድቡ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው አለበት።

ወደ ማመልከቻችን እንመለስ። የእኛ ጉዳይ የድንበር ጉዳይ ነው፤ ከቤርታ ወንዝም ሆነ ከ1960ው ክረምት ጋር አይተካከልም። እንጅባራም ዳንግላም ያላችሁ አባላት ግን የጭጭታውን ምክንያት ታውቃላችሁ፤ በተለይ በእነዚህ ባለፉት ዓመታት ሰው ሁሉ ስሙ በምን ዝርዝር እንደሚገባ እየፈራ ባለበት ጊዜ። ስለዚህ በኮሚቴ ተነጋግረን ፈራሚዎች ሁሉ በሀሁ ተራ እንዲሰፍሩ፣ ፊትና ኋላ እንዳይኖር ወሰንን። የሚፈርሙ እህቶች የደብተራቸውን ኮፒ ይዘው በሚቀጥለው ስብሰባ ይምጡ። በተራው የመጀመሪያዋ የምትሆነው እህታችን ማመልከቻውን ስታስገባ ብቻዋን አትሄድም፤ ሦስት የኮሚቴ አባላት አብረናት እንገባለን፣ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀንም በማኅበሩ መዝገብ እንጽፋለን።