ከባቡሩ ጋር የመጣው ወረቀት

ቃሊቲ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጉምሩክና እስር ቤት። አንዱ ዕቃ ይይዛል፣ ሌላው ሰው ይይዛል። እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያደግን ልጆች "ሰፈራችሁ የት ነው?" ስንባል፣ ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ቀልድ ስለለመድነው ቀድመን እንስቃለን። አቃቂም ብትሆን ለብዙ ሰው ወደ ደብረ ዘይት ሲኬድ በመስኮት የምትታይ የፋብሪካ ሰፈር ናት። ዛሬ ግን ስለ ሰፈራችን ትንሽ ጉራ እንድንነዛ ፍቀዱልን። ማሽን፣ ገንዘብና የመንግሥታት ሽኩቻ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ አቃቂ ይምጣ። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ውሉ ሁሉ ከፈረንጅ ጋር ስለሆነ ይቅርታ ይደረግልን።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1894 ነው። ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ። ልብ በሉ፣ በሁለቱ ዓመቶች መካከል አድዋ አለ። ባቡሩን የጠሩት ንጉሥ ፈረንጅን የሚፈሩ ወይም ለፈረንጅ የሚያጎበድዱ ሰው አልነበሩም። ካርታውን ግን ያውቁታል፤ ምፅዋ በጣሊያን እጅ ነው፣ ዘይላ በእንግሊዝ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ። ወደ ባሕር የሚወስደው በር ሁሉ ዘበኛ ቆሞበታል። ከዘበኞቹ ከአንዱ ጋር መስማማት ግድ ነበር።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ኩባንያው ሐዲዱ ሳይጋመስ ካዝናው ተራቆተ። ይኼኔ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። ፓሪስ ደነገጠች። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ባለአገሩን ያማከረ የለም። ምኒልክ ለግለሰቦች የሰጡት ፈቃድ አንድ ቀን ሲያዩት በአንድ ኃያል መንግሥት ኪስ ውስጥ ነው። ተቆጡ፤ ቢቆጡስ ማን ይፈርድባቸዋል? ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት እዚያው ቆመ። (ድሬዳዋ ራሷ የዚህ መስመር ልጅ ናት። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተማዋ ከታች ሜዳው ላይ ተቆረቆረች።)

የባሰው በ1906 መጣ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጠና ተከፋፈሏት፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ የፈረንሳይ ድርሻ ይሁን ተባለ። ምኒልክ ሰነዱን ያዩት ሦስቱ ተስማምተው ከጨረሱ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ በተከታዩ ዓመት ከሰረ፣ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፣ ሐዲዱም እንደገና መንፏቀቅ ጀመረ። በ1915 አቃቂ ደረሰ።

አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ሁለት ዓመት! ለዋና ከተማዋ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ያህል ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ ጫፍ የኛ ሰፈር ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አውሮፓ በዓለም ጦርነት ትታመሳለች፤ እዚህ ደግሞ በመስከረም 1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ በወሩ ሰገሌ ላይ ደም ፈሰሰ። ሐዲዱ አቃቂ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አሳለፈ። ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ቢቆጠር 784 ኪሎ ሜትሩ 23 ዓመት ፈጅቷል። በኤሊ ቢጫን ቀድሞ ይገባ ነበር። ሐዲድ መዘርጋት ከባድ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የበላው የገንዘቡና የፖለቲካው ክርክር ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ቀን መምህራችን የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ከአቃቂ እንደሚነሣ ሲነግሩን ተያይተን ተሳሳቅን። ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም። የአቃቂን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1935 ሲሆን፣ ጣሊያን ድንበር ጥሶ የገባውም በዚያው ዓመት በጥቅምት 3 ቀን ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ወራሪው ጦር ይዞት የመጣው ሲቪ-33 የተባለ ትንሽ ታንክ የፊያትና የአንሳልዶ ሥራ ነበር። ያው ኩባንያ ማለት ነው! በአንድ እጁ አንቴና ተከለልን፣ በሌላው ታንክ ሠራብን። (ታንኮቹን የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ ደንበጉይና ላይ ምን እንዳደረጋቸው ሌላ ቀን እናወጋለን።)

ታዲያ ጣቢያው ባይሠራ ይሻል ነበር? አይመስለንም። ጦርነቱ ሲመጣ ኢትዮጵያ ድምፅዋን ለዓለም ያሰማችው በዚሁ አንቴና ነው። ጦርነቱን ሊዘግቡ አዲስ አበባ የፈሰሱት የውጭ ጋዜጠኞች ወሬም በአየር የሚወጣው በአቃቂ በኩል ነበር። ከጠላት አገር ኩባንያ የተገዛ መሣሪያ ጠላትን ለመክሰስ ዋለ። ማሽኑ ጌታ አይመርጥም፤ ቁልፉን የያዘ ያዘዋል። ሬዲዮው ላይ ቁልፉ በእኛ እጅ ነበር።

ባቡሩ ላይ ግን አልነበረም። በዚያው በ1935 በጥር 7 ቀን የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተፈራረሙ። በስምምነቱ ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮኖች ለጣሊያን እንዲተላለፉ የሚል ነው። አንድም ጥይት ሳይተኮስ የመስመሩ ቁራሽ ወረቀት ላይ እጅ ተለወጠ። የጦር መሣሪያ በመስመሩ እንዲገባ ኢትዮጵያ ስትለምን ፈረንሳይ እንቅፋት ሆነች። በግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የሄዱት በዚያው ባቡር ነው፤ በአቃቂ አልፈው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ኢትዮጵያ ከባቡር ኩባንያው ግማሹን ድርሻ ያገኘችው በ1959 ነው፤ ምኒልክ ፈቃዱን ከሰጡ ከ65 ዓመት በኋላ። አዋቂዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። እኛ ግን አንዴ የተፈረመ ወረቀት እንደገና ሊከፈት እንደሚችል ያሳየ ዓመት ስለሆነ ከሐዲዱ ርዝመት ይልቅ እሱን ብንሸመድድ እንመርጣለን።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በመስከረም 20 ቀን 2015 ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ የሚያበቃው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። እንደገና ከባቡር መስመር ጫፍ አንዱ ሰፈራችን ሆነ። የሁለቱ መስመሮች ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በተከታዩ ዓመት አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ እሱም በቻይና ብድር ነው።

"ቻይና እንደ ድሮዋ ፈረንሳይ ናት" የሚል ጓደኛ አለን። አንስማማም። ዛሬ ባለንብረቶቹ መንግሥታቱ ራሳቸው ናቸው። የጅቡቲው ብድር መክፈያ ጊዜ በ2018 ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ተደርጓል፤ የመስመሩ ሥራም በ2024 ከቻይናዎቹ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ይህ በምኒልክ ዘመን የማይታሰብ ነበር። ግን ብድሩ በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ያው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆኗል፤ ከሐዲዱ ላይ አንዲት ብሎን ሳትጨመር። የቀላል ባቡሩ ትኬት የሚሸጠው በብር ነው፣ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ባለፉት ዓመታት መለዋወጫ አጥተው ቆመው የከረሙት በዚህ ምክንያት ነው። ፓሪስ ወይም ሮም ላይ ሴራ የጠነሰሰ ሰው መፈለግ አያስፈልግም።

ከባቡሮቹ ማደሪያዎች አንዱ ቃሊቲ ነው። ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ አቃቂ ውስጥ ደግሞ በደርግ ዘመን የተቋቋመ ፋብሪካ አለ። ሲቋቋም የወጣለት ስም አቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በሚኒባስ ታክሲ ነው።