ቃል የተሸከመ ሕዝብ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳ ውሎ ብቻ አይጻፍም። ሰው ልብ ሳይለው በየቀኑ በሚናገራቸው ቃላት ውስጥም ተቀምጦ ይገኛል። ለዚህ ከወደ ሩቅ ምሥራቅ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ የኮሪያ ቋንቋ የማምጣት፣ የመግባትና የመሸከም ግሦችን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሪያኛ ለመማር የሚነሣ አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል። እንደ አማርኛው ሁሉ ግሡ ማሰሪያ ነውና መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኛ «ይዞ መጣ» እንደምንል እነሱም «ጋጂጎ ኦዳ» ይላሉ፤ ጋጂጎ «ይዞ»፣ ኦዳ «መምጣት» ነው። ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። እኛ «መጽሐፉን ይዞ መጣ» ካልን በኋላ «ልጁንም ይዞ መጣ» ብንል የሚቀየም የለም። በኮሪያኛ ሰውን በጋጂጎ ማምጣት ሰውን ዕቃ ማድረግ ነው። ለልጅ፣ ለጓደኛና ለታናሽ «ዴሪጎ ኦዳ» ይባላል። የሚመጣው አባት፣ አያት ወይም መምህር ከሆነ ግሡ እንደገና ይለወጥና «ሞሺጎ ኦዳ» ይሆናል። የዚህኛው መነሻ ሞሺዳ ታላቅን በቅርብ ሆኖ ማገልገል፣ መጦር ማለት ነው። ወላጆቹን በቤቱ የሚጦር ልጅ አብሯቸው መኖሩ የሚነገረው በዚሁ ግሥ ነው። ከ1392 እስከ 1910 በቆየው የጆሶን ሥርወ መንግሥት የኮንፊሽየስ ትምህርት የቤተ መንግሥቱም የቤተሰቡም ሥርዓት ነበር። እንግዲህ ታላቅና ታናሽ የሚለይበት ያ ዓለም በአንዲት የማምጣት ግሥ ውስጥ እንኳ ዛሬም ይሰማል።

«ድልዳ» ደግሞ መግባት ነው። ከመምጣትና ከመሄድ ጋር ተጣምሮ ተናጋሪው የቆመበትን ቦታ ይጠቁማል። እኔ ከቤት ውስጥ ሆኜ ስጠራህ «ድረኦዳ»፣ ከውጭ ቆሜ ስልክህ «ድረጋዳ» ነው። በዚሁ ድምፅ የሚጠራ ሌላ ግሥ ማንሣትና በእጅ መያዝ ማለት ስለሆነ ጀማሪው መደናገሩ አይቀርም። የመግባቱ ድልዳ የማይገባበት የለም። ሰው ሲታመም በሽታ ይገባበታል፤ ሲያረጅ ዕድሜ ይገባዋል፤ የወደደው ነገር ወደ ልቡ ይገባል። እኛም «ክረምት ገባ»፣ «ቃል ገባ»፣ «ነገሩ ገባኝ» የምንል ነንና ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱም ቢሆን ያስደስታል። እኛን እንቅልፍ ይወስደናል፤ ኮሪያዊው ውስጥ እንቅልፍ ይገባል። ውድ ነገር ስንገዛ ከእኛ ገንዘብ ይወጣል፤ ኮሪያዊው ግን ሒሳቡን የሚያየው ከዕቃው ወገን ይመስል ገንዘቡ «ገባበት» ይላል።

እነዚህ ግሦች ለብዙ መቶ ዓመታት የሚስማማቸው ፊደል አልነበራቸውም። የተማረው ክፍል የሚጽፈው በቻይና ጽሕፈት ነበር። የቻይና ምልክት «መግባት» የሚለውን ሐሳብ መወከል አያቅተውም። የኮሪያ ግሥ ግን ጊዜን፣ አክብሮትን፣ ጥያቄንና ትእዛዝን የሚገልጸው ከሥሩ ላይ በሚቀጠሉ ድምፆች ነው። «ኢዱ» በተባለው ዘዴ የቻይናን ምልክቶች ለእነዚህ ቅጥያዎች ለማዋል ቢሞከርም አስቸጋሪ ነበር፤ ለተራው ሰውማ ጭራሽ የማይደረስበት ሆነ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 28 ፊደላት አዘጋጅቶ በ1446 ለሕዝብ አወጀ። ቼ ማልሊና ሌሎች ሊቃውንት ግን በ1444፣ ገና ከአዋጁ በፊት፣ ከቻይና ሥልጣኔ መለየት ከአረመኔ ያስቆጥረናል ሲሉ ለንጉሡ የተቃውሞ ጽሑፍ አቅርበው ነበር።

ከዚህ የከፋው ፈተና የመጣው ጃፓን በ1910 ኮሪያን ከጠቀለለች በኋላ ነው። ከ1938 ጀምሮ ኮሪያኛ በትምህርት ቤት የግዴታ ትምህርት መሆኑ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከነጭራሹ ወጣ። በዚያ ዘመን የኮሪያ ቋንቋ ማኅበር አባላት ከ1929 የተጀመረውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። በ1942 ፖሊስ ማኅበሩን ነፃነት የሚሻ ድብቅ ድርጅት ነው ብሎ አባላቱን ማሰር ጀመረ። ዪ ዩንጄ በ1943፣ ሃን ጂንግ በ1944 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከ26 ሺህ ገጽ በላይ የሆነው ረቂቅም የክስ ማስረጃ ተብሎ ተወሰደና የገባበት ጠፋ።

ጃፓን ተሸንፋ ኮሪያ ነፃ በወጣች ማግሥት፣ በ1945 ሴፕቴምበር ወር፣ ረቂቁ በሴኡል ባቡር ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። ጉዳዩ ይግባኝ ስለተባለ ማስረጃው ወደ ሴኡል ተልኮ እዚያው ቀርቶ ኖሯል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947፣ ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1957 ታተመ። በመካከሉ ግን ሌላ ጦርነት ነበረ።

በ1950 ጦርነቱ ሲፈነዳ በየመንገዱ የተሰደደው ሕዝብ ቋንቋው ያሉትን የመሸከም ግሦች ሁሉ በአንድ ላይ አሳየ። ኮሪያኛ በዚህ እንደ አማርኛ ባለጸጋ ነው። ልጅን ማዘል «ኧፕታ»፣ በክንድ ማቀፍ «አንታ»፣ በራስ ላይ መሸከም «ኢዳ»፣ በትከሻ ማንገት «ሜዳ»፣ በጀርባ መሸከም «ጂዳ» ነው። ከዚህ ከመጨረሻው «ጂጌ» የተባለው የእንጨት መሸከሚያ ስሙን አገኘ። ገበሬው እህልና ማገዶ ይሸከምበት የነበረው ጂጌ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ተራራ ምሽጎች ጥይትና ምግብ መውጫ፣ ቁስለኛ ማውረጃ ሆነ። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ለውትድርና ዕድሜያቸው ያለፈ ወንዶች ነበሩ። አሜሪካኖች መሸከሚያውን ከላቲኑ «ኤ» ፊደል ጋር አመሳስለው ሰዎቹን «የኤ ጦር» ይሏቸው ነበር። በ1951 ሜይ ወር ፑሳን ወደብ የደረሰው የእኛው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር የተዋጋው በእነዚያው ተራሮች ነው። በየተራ ከዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጡ።

በዚሁ ስደት መካከል የሴጆንግ ፊደል አፈጣጠር የተብራራበት ጥንታዊ መጽሐፍም ነበረ። ይህ መጽሐፍ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ በ1940 አንዶንግ ውስጥ ተገኝቷል። የገዛው ቅርስ ሰብሳቢው ጆን ህዮንግፒል የጃፓን አገዛዝ እስኪያበቃ ሸሸገው። በጦርነቱም ጊዜ ይዞት ተሰደደ፤ ሌሊት ሌሊት እየተንተራሰው ያድር እንደነበርም ይነገራል።

ኮሪያዊ «ዕዳ አለብኝ» ለማለት ሲፈልግ «ቢጅል ጂዳ» ይላል፤ ዕዳን በጀርባ መሸከም ማለት ነው። ኃላፊነትንም የሚቀበለው በዚሁ ግሥ ነው። ቹንቾን ከተማ ውስጥ ለኢትዮጵያ ዘማቾች የቆመው ሐውልት በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ሲመረቅ አገሪቱ እንዲህ ያለውን ዕዳ በድንጋይ ላይ ጻፈች። በእስር ቤት ለሞቱት የመዝገበ ቃላት ሰዎች ያለባት ዕዳ ግን የተጻፈው በየቤቱ ነው። ዛሬ አንድ የሴኡል ልጅ አያቱን ከጣቢያ ተቀብሎ ሲመጣ «ሞሺጎ» የሚለውን ግሥ በራሱ ፊደል ጽፎ መልእክት የሚልከው፣ በዚያው ከተማ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ የተጣለውን ወረቀት ቀደም ሲል በሕይወታቸው ዋጋ የተሸከሙለት ሰዎች ስለነበሩ ነው።